ስለ ኩፍኝና ስለ ሩቤላ፤ ስለ መከላከያቸውም ክትባት



በኢትዮጵያ ታሪክ ክፉ ቀን ተብሎ የሚጠራው ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የነበረው ነው። በዚያ ዘመን ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ገብቶ የአገሩን ከብት ፈጀው። በሬው ስላለቀ እርሻው ጦም አደረ፤ እርሻው ጦም ስላደረም ሰው በረኃብ አለቀ። ይህ ነገር ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር የኖረ ስለ ሆነ ለሽማግሎች አዲስ አይደለም። ነገር ግን ዛሬ ሁለት ቃል ሊጨመርበት ይገባል። አንደኛው፤ ያ የከብት በሽታ አሁን በዓለም ላይ የለም። ከብቱ በየአገሩ እየተከተበ በሽታው ማደሪያ ስላጣ፤ በ2003 ዓ.ም. ፈጽሞ መጥፋቱ ለዓለም ሁሉ ታወጀ። ሁለተኛው፤ ያ የከብት በሽታ በሰው ላይ የሚመጣ የቅርብ ዘመድ አለው፤ እርሱም ኩፍኝ ነው። የሁለቱን ዘር የመረመሩ ሊቃውንት ከአንድ ግንድ የወጡ መሆናቸውን አረጋግጠዋል።

ፈንጣጣም እንዲሁ ጠፍቷል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የታየው በ1968 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ኢትዮጵያዊ በፈንጣጣ የተበሳሳ ፊት የሚያየው በሽማግሎች ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ሰው ከፈንጣጣ ሲድን፤ ከብቱም ከደስታ ሲድን፤ ሕፃናት እስከ ዛሬ በኩፍኝ መሞታቸው ስለ ምንድን ነው? መድኃኒቱ ስለ ታጣ አይደለም። በየመንደሩ ጥቂት ልጆች ሳይከተቡ ስለሚቀሩና ኩፍኝም እነዚህን ጥቂቶች ፈልጎ የሚያገኝ በሽታ ስለ ሆነ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንን ማስረዳት ነው። ከዚህ በታች የሚጠሩት የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ኩፍኝ የሚመጣው ቫይረስ ከሚባል፤ በዓይን ከማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። ማደሪያው ሰው ብቻ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደውም በትንፋሽ ነው። በሽተኛው ሲያስል ወይም ሲያስነጥስ ቫይረሱ በአየር ላይ ይበተናል፤ በሽተኛው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት ድረስ በዚያው ቤት አየር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሰው በሽተኛውን ሳይነካው፤ ፊቱንም ሳያየው ሊያዝ ይችላል። ያልተከተቡና ከዚህ በፊት ኩፍኝ ያልያዛቸው 10 ሰዎች ከበሽተኛው አጠገብ ቢውሉ 9ኙን ይይዛቸዋል። በፍጥነት ከኩፍኝ ጋራ የሚተካከል በሽታ እጅግ ጥቂት ነው።

በሽታው ከያዘ በኋላ 10 ቀን ያህል ተሰውሮ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ትኩሳት፤ ሳል፤ ንፍጥና የዓይን መቅላት ይጀምራል፤ በጉንጭ ውስጥም ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል። ሽፍታው የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ በፊትና በአንገት ላይ ይታያል፤ ቀጥሎም ወደ ደረትና ወደ እጅ፤ በመጨረሻም ወደ እግር ይወርዳል። መምህር ሊያስተውለው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ በሽተኛው ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ ለሌላው ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ከወጣም በኋላ እስከ 4 ቀን ድረስ ያስተላልፋል። እንግዲህ ሽፍታው ታይቶ ልጁ ወደ ቤቱ በተላከበት ቀን፤ በአጠገቡ ይቀመጡ የነበሩት ያልተከተቡ ልጆች ከወዲሁ ተይዘው ይሆናል። በሽተኛውን መለየት ይጠቅማል፤ ነገር ግን በመለየት ብቻ ኩፍኝን ማቆም አይቻልም። አጥሩ ሌባው ከመድረሱ በፊት መታጠር አለበት።

ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን በባሕር መካከል የፋሮ ደሴቶች የሚባሉ አሉ። በዚያ አገር 65 ዓመት ሙሉ ኩፍኝ አልታየም ነበር። በ1846 ከዴንማርክ በመርከብ የመጣ አንድ አናጢ በሽታውን ይዞ ገባ፤ 7,800 ከሚያህለው ሕዝብም በጥቂት ወራት ውስጥ 6,000 ያህሉ ታመመ። የዴንማርክ መንግሥት ፔተር ፓኑም የሚባል ወጣት ሐኪም ላከ። እርሱም ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ፤ ማን መቼ ከማን ጋራ እንደ ተገናኘ፤ መቼም ሽፍታ እንደ ወጣበት እየጠየቀ ጻፈ። ከዚህም የተነሣ በመያዝና በሽፍታው መውጣት መካከል 13 ወይም 14 ቀን እንዳለ አስረዳ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ስለ ሽማግሎች ያገኘው ነገር ነው። በ1781 በልጅነታቸው ኩፍኝ ይዟቸው የነበሩ አረጋውያን በደሴቶቹ ላይ በሕይወት ነበሩ። ፓኑም ስለ እነርሱ በመረመረ ጊዜ፤ 65 ዓመት ካለፈ በኋላ ከመካከላቸው አንድ እንኳ ዳግመኛ የታመመ አላገኘም። ሰውነታቸው በልጅነቱ የተማረውን እስከ እርጅና ድረስ አልረሳውም ነበር።

የነገሩ ምክንያት እንደዚህ ነው። በሰው ደም ውስጥ ሰውነትን የሚጠብቁ ዘበኞች አሉ። አንድ በሽታ ሲገባ ይዋጉታል፤ መልኩንም ያጠናሉ። ሰውዬው ካልሞተ፤ ትምህርቱ በእነርሱ ዘንድ ይቀመጣል፤ ያው ጠላት ዳግመኛ ቢመጣም ገና በበሩ ላይ ያውቁታል። ነገር ግን ኩፍኝን በመታመም መማር ዋጋው እጅግ የከበደ ነው። ብዙ ሕፃናት ትምህርቱን ሳይጨርሱ ይሞታሉ። ኩፍኝ የሳንባ ምችን፤ ተቅማጥንና የጆሮ ሕመምን ያስከትላል፤ ቫይታሚን ኤ የጎደለበትን ልጅ ዓይን ሊያሳውር ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ አንጎል ይወጣል። ይልቁንም ከአምስት ዓመት በታች ያሉትንና በምግብ ማጣት የደከሙትን ይበረታባቸዋል።

ከዚህም ሌላ የተለየ ክፋት አለው። ስለ ራሱ ያስተምራል፤ ሰውነት አስቀድሞ የተማረውን ግን ይፍቃል። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት፤ በሆላንድ አገር ሳይከተቡ ኩፍኝ የያዛቸውን 77 ልጆች ደም ከበሽታው በፊትና በኋላ መርምሮ ነበር። ስለ ሌሎች በሽታዎች በደማቸው ውስጥ ከነበረው መከላከያ፤ ከ100 እጅ ከ11 እስከ 73 እጅ ድረስ ጠፍቶ ተገኘ። አንድ ተማሪ ከፊደል ጀምሮ ብዙ ዓመት ያጠናው ሁሉ ከልቡ ቢጠፋበት እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ከኩፍኝ የዳነ ልጅ ከዚያ በኋላ ለወራት፤ አንዳንዴም ለዓመታት፤ በሌላ በሽታ በቀላሉ ይወድቃል፤ ወላጆቹም የኋለኛው በሽታ ከኩፍኝ የመጣ መሆኑን አያውቁም።

እንግዲህ ሊቃውንት፤ ሰውነት ሳይታመም ይህን ትምህርት የሚያገኝበትን መንገድ ፈለጉ። በ1954 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ኩፍኝ ገባ። ጆን ኤንደርስና ቶማስ ፒብልስ የተባሉ ሊቃውንት ከአንድ የታመመ ተማሪ ቫይረሱን ወስደው ለብቻው አሳደጉት። ቀጥሎም ከጫጩት ሽል በተወሰደ ሕዋስ ውስጥ ደጋግመው እያሳለፉ አደከሙት፤ በ1963ም የኩፍኝ ክትባት ተፈቀደ። በክትባቱ ውስጥ ያለው ቫይረስ ጥርሱና ጥፍሩ እንደ ተነቀለ ነብር ነው፤ መልኩ ይታወቃል፤ ለመጉዳት ግን ኃይል የለውም። የደም ዘበኞች መልኩን ያጠኑበታል፤ እውነተኛው ሲመጣ ያውቁታል።

ክትባት የሚለው ቃል ከተበ ከሚለው ይወጣል፤ ከተበ ማለትም በግእዝ ጻፈ ማለት ነው። ክታብም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ክታብ በብራና ተጽፎ በአንገት ላይ ይታሠራል፤ ክትባት ግን በሰውነት ውስጥ የሚቀመጥ ጽሕፈት ነው፤ አይወልቅም፤ አይበጠስም።

በኢትዮጵያ የሕፃናት ክትባት በአገር ደረጃ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። የኩፍኝ ክትባት መጀመሪያ በ9 ወር ይሰጣል፤ ሁለተኛው በ15 ወር ነው፤ ይህም ሁለተኛው በ2011 ዓ.ም. የተጨመረ ነው። ከ9 ወር አስቀድሞ በተወለደ ጊዜ የማይሰጠው፤ ሕፃኑ ከእናቱ ደም የተቀበለው መከላከያ ስላለ ክትባቱን ሥራ ስለሚያስፈታው ነው፤ ያም የእናት ስንቅ ከወር ወደ ወር እየሳሳ ይሄዳል። በ9 ወር ከተከተቡ 100 ሕፃናት 85 ያህሉ ትምህርቱን ይይዙታል፤ 15ቱ ሳይይዙት ይቀራሉ። መምህር በመጀመሪያው ንባብ ላልገባቸው ተማሪዎች ክለሳ እንደሚያደርግ፤ ሁለተኛው ክትባት የቀሩትን ያነሣል። ሁለቱንም የተከተቡ ከ100 ወደ 97 የሚያህሉት ይጠበቃሉ። የመጀመሪያውን አስከትቦ ሁለተኛውን መተው ቤትን ሠርቶ በሩን ሳይገጥሙ መተኛት ነው።

ሁለተኛው በሽታ ሩቤላ ነው። በልጆች ላይ ሲመጣ ቀላል ስለ ሆነ ብዙ ሰው ከኩፍኝ አይለየውም። ጥቂት ትኩሳት፤ 3 ቀን ያህል የሚቆይ ስስ ሽፍታ፤ ከጆሮ በስተ ኋላና በአንገት ላይም ንፍፊት ይታያል፤ አንዳንዱም ሰው ምንም ምልክት ሳያሳይ ይይዘዋል። ልጁ ሲጫወት ሰንብቶ ይድናል። እናትም ይህን አይታ፤ ይህ ደግሞ ምን በሽታ ነው ብላ ትንቀዋለች። የሩቤላ ክፋት ግን በታየበት ልጅ ላይ ሳይሆን ገና ባልተወለደው ላይ ነው።

ይህም ተሰውሮ ኖሮ በ1941 ተገለጠ። በአውስትራልያ በሲድኒ ከተማ ኖርማን ግሬግ የሚባል የዓይን ሐኪም፤ ሲወለዱ ጀምሮ የዓይን ሞራ የጋረዳቸው ሕፃናት ከወትሮው ይልቅ በዝተው ሲመጡበት ተመለከተ። 78 ሕፃናትን መረመረ፤ እናቶቻቸውንም ጠየቀ። አብዛኞቹ እናቶች በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ ሩቤላ ይዟቸው እንደ ነበረ ነገሩት። ከሕፃናቱም ብዙዎቹ ከዓይናቸው ሌላ የልብ ሕመም ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ የጆሮ አለመስማትም የዚሁ በሽታ ውጤት መሆኑ ታወቀ። ዛሬ እንደሚታወቀው ሴት በመጀመሪያዎቹ 3 የእርግዝና ወራት ሩቤላ ቢይዛት፤ በሽታው ወደ ፅንሱ የሚያልፍበት ጊዜ ከ10 እስከ 9 ይደርሳል፤ ፅንሱም ሊጨነግፍ፤ ወይም ዕውር፤ ወይም የማይሰማ፤ ወይም የልብ በሽተኛ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። በ1964 እና በ1965 በአሜሪካ በተነሣው የሩቤላ ወረርሽኝ 12 ሚሊዮን ተኩል የሚሆን ሰው ታመመ፤ 20,000 ያህልም ሕፃናት ከነጉዳታቸው ተወለዱ። በ1969 ክትባቱ ተገኘ፤ በብዙ አገርም ከኩፍኝ ክትባት ጋራ በአንድ መርፌ ይሰጣል። የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ አገሮች በኅብረት ስለ ከተቡ፤ በ2015 ሩቤላ ከአገራቸው መጥፋቱ ተነገረ።

እዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባው ትልቅ ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ሴት የሩቤላን ክትባት አትከተብም፤ የሚከተቡት ከእርግዝና በፊት ሴቶች፤ ይልቁንም ልጆች ናቸው። እንግዲህ በትምህርት ቤት ደጃፍ የሚከተበው ወንድ ልጅ መርፌውን የሚቀበለው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ ለጎረቤቱ ሴት ማኅፀን ጭምር ነው። በኩፍኝም እንዲሁ ነው። የ9 ወር ዕድሜ ያልሞላው ሕፃን፤ በከባድ በሽታ ደሙ የደከመ ሰው፤ ክትባቱ ሳይዝላቸው የቀሩትም ጥቂቶች፤ እነዚህ ሁሉ አጥር የላቸውም፤ አጥራቸው በዙሪያቸው ያለው የተከተበ ሰው ነው። ኩፍኝ እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ ይህ አጥር የሚጸናው ከ100 ሰው 95ቱ ሲጠበቁ ነው።

መምህራን ይህን በቁጥር ሊመለከቱት ይችላሉ። በአንድ ቀበሌ በየዓመቱ 100 ሕፃናት ይወለዱ እንበል። ከእነርሱ 80ው አንድ ጊዜ ብቻ ቢከተቡ፤ ከ80ው ትምህርቱን የሚይዙት 68 ናቸው። 32ቱ አጥር የላቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች 32 ይጨመራሉ፤ በሦስተኛው ዓመት 96 ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ ሁሉ በሽታ ስላልታየ ሰው ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ይተኛል። ነገር ግን በየዓመቱ የደረቀ እንጨት እየተከመረ ነው። ከሌላ አገር አንድ በሽተኛ በገበያ ቀን ሲመጣ ክምሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነዳል። ወረርሽኝ ከጥቂት ዓመታት ዝምታ በኋላ በድንገት የሚነሣው ስለዚህ ነው።

ይህ በምሳሌ ብቻ አልቀረም። ሳሞአ በሰላማዊው ውቅያኖስ ውስጥ ያለች፤ 200,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርባት የደሴት አገር ናት። በ2018 ሁለት ሕፃናት እንደ ተከተቡ ወዲያው ሞቱ። ነገሩ ሲመረመር፤ የክትባቱን ዱቄት በሚገባው ውኃ በመበጥበጥ ፈንታ በሌላ መድኃኒት መበጥበጡ ተገኘ፤ ጥፋቱ የሰው እጅ ነበር እንጂ የክትባቱ አልነበረም። ነገር ግን ክትባቱ ለወራት ተቋረጠ፤ ወላጆችም ፈሩ፤ በዚያ ዓመት የተከተቡት ሕፃናት ከ100 ወደ 31 ወረዱ። በ2019 ኩፍኝ ገባ። 5,700 ያህል ሰው ታመመ፤ 83 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። በኅዳር መጨረሻ መንግሥት ሥራውን ሁሉ ለሁለት ቀን ዘግቶ፤ ያልተከተበ ሰው ያለበት ቤት በደጃፉ ቀይ ጨርቅ እንዲሰቅል አዘዘ፤ ከታቢዎችም ከቤት ወደ ቤት ሄዱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሽታው ቆመ። መድኃኒቱ ያው የፊተኛው ነበር፤ የተመለሰው የሕዝቡ እምነት ነው። ለ83ቱ ግን ዘግይቶ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሽማግሎች የሚማሩት አለ። ፍርሃት ከንቱ ነው ብሎ መናቅ አይገባም፤ ልጅን የሚወድ ሰው ይፈራል። የሚገባው ፍርሃቱን ሰምቶ እውነቱን መንገር ነው። እውነቱም ይህ ነው፤ ከተከተቡ ልጆች ጥቂቶቹ ከ5 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት ወይም ስስ ሽፍታ ሊያዩ ይችላሉ፤ ይህ በራሱ የሚያልፍ ነው፤ ሰውነት ትምህርቱን ሲቀበል የሚሆን ነው። ከባድ ጉዳት እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ይደርሳል። ክትባት ማኅፀንን ያደርቃል የሚለው ወሬም ሐሰት ነው፤ ከ50 ዓመት በፊት በውጭ አገር በልጅነታቸው የተከተቡ ሴቶች ዛሬ አያቶች ሆነዋል።

በሽታው በቤት ቢገኝ የሚደረገው የታወቀ ነው። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት ባይኖርም ልጁን የሚያድን እርዳታ አለ። በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ ቫይታሚን ኤ በሁለት ተከታታይ ቀናት ይሰጠዋል፤ ይህም ዓይኑን ይጠብቃል፤ ሞትንም ይቀንሳል። በአንዳንድ ቤት ሽፍታው ሳይወጣ ይቀራል በማለት ለልጁ ውኃ መከልከል፤ ወይም መርፌ ያብስበታል ብሎ ከሐኪም መደበቅ ይታያል፤ ይህ ብዙ ሕፃናትን ገድሏል። ብርሃን ዓይኑን ቢያስቸግረው በጥላ ማስተኛት ይቻላል፤ ጨለማ ግን መድኃኒት አይደለም። ልጁ ጡት ይጥባ፤ ውኃና ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው። ትንፋሹ ከፈጠነ፤ መጠጣት ካቃተው፤ ካንቀጠቀጠው፤ ወይም ዓይኑ ከደፈረሰ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

የመምህሩ ሥራ እንዲህ ነው። ልጅ ሲመዘገብ የክትባት ካርዱን ይጠይቅ፤ ካርድ የሌላቸውን ስም በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ መዝገቡንም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያሳይ። ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ልጅ ሲያይ በዚያው ቀን ያስታውቅ፤ ያልተከተበ ልጅ ከበሽተኛ ጋራ ከተገናኘ በኋላ በ3 ቀን ውስጥ ቢከተብ ከበሽታው ሊድን ይችላልና፤ የአንድ ቀን መዘግየት ብዙ ያጎድላል።

የሽማግሎችም ሥራ ከዚህ አያንስም። የክትባቱ ብልቃጥ በቅዝቃዜ ይጠበቃል፤ ከተበጠበጠም በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ በብዙ ቦታ ቀን ተቆርጦ ሕፃናት በአንድነት ይጠራሉ። ያንን ቀን በእድር፤ በገበያና በመሰብሰቢያ ቦታ ሁሉ የሚያሰማ የሽማግሌ ቃል ነው። የሚቀሩትንም ሕፃናት የሚያውቅ ሽማግሌ ነው፤ ከወንዝ ማዶ የምትኖረውን ባልቴት የልጅ ልጅ፤ ከሌላ አገር ፈልሶ የመጣውን ቤተ ሰብ፤ ከአክስቱ ጋራ የሚኖረውን ወላጅ አልባ፤ ከከብት ኋላ ውሎ የሚያድረውን እረኛ። ኩፍኝ እነዚህን ሁሉ በስማቸው የሚያውቅ ያህል ፈልጎ ያገኛቸዋል። ሽማግሌውና መምህሩ ከእርሱ ቀድመው ሊያገኟቸው ይገባል።

ኩፍኝ ማደሪያው ሰው ብቻ ስለ ሆነ፤ ሰው ማደሪያ ከነፈገው እንደ ፈንጣጣና እንደ ደስታ ሊጠፋ የሚችል በሽታ ነው። በዓለም ሁሉ ከ2000 እስከ 2023 ባለው ጊዜ የኩፍኝ ክትባት 60 ሚሊዮን ያህል ሰው ከሞት አድኗል፤ በ2023 ብቻ ግን ከ100,000 በላይ ሰዎች፤ ይልቁንም ያልተከተቡ ሕፃናት፤ ሞተዋል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ መንደር ወደ ሌላው መንደር የሚሞላ ነው። ስለዚህ በየቀበሌው 95 ሕፃናት ሲከተቡ ደስ ይበል፤ ነገር ግን የቀሩት 5 እነማን እንደ ሆኑ በዚያው ምሽት ይጠየቅ።